ለማን ነው የሚዘፈነው?

የአይስላንዷ ድምፃዊት ብዮርክ እ.ኤ.አ. በ2015 «ስቶንሚልከር» የተባለውን የመለያየት ዘፈኗን፥ በደረሰችበት በግሮታ የባሕር ዳርቻ ቆማ፥ ዙሪያ ገባውን በሚያነሣ ካሜራ አስቀርጻዋለች። ተመልካቹ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ሲያጠልቅ ራሱን ከዳርቻው ላይ ያገኘዋል።

እኛን የማረከን ግን መነጽሩ አይደለም። ድምፃዊቷ ለአዳራሽ ሕዝብ ሳይሆን ለአንድ ሰው እንደምትናገር ሆና ወደ ካሜራው ቀርባ ታዜማለች፤ ስሜቷን ያጠለቀውም ይኸው ይመስለናል። የሙዚቃ ክበብ መምህራን ተማሪውን በባዶ ክፍል ከአንድ ወንበር ፊት አቁመው ይህንኑ ሊሞክሩት ይችላሉ፤ መነጽሩማ ለየትኛው ትምህርት ቤታችን ይደርሳል!

ኋላ ላይ ምስሏ በዙሪያችን ይባዛል። እዚህ ላይ ሥራው ይላላል፤ የትኛዋን እንደምንመለከት ስንዋልል ዜማው ያመልጠናል፤ ያ የሁለት ሰው ወግም ወደ ትርኢት ይለወጣል።