የወለቃ እጅ ኮሌጅ ፓርክ ላይ!

ምን ያለ እጅ ነው ይሄ! እዚህ አትላንታ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ፣ አውሮፕላን ከአናታችን በማይጠፋበት ሰፈር፣ ከአሮጌ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አንዲት የሸክላ እናት አገኘሁና ሌላ ወሬ ጠፍቶብኛል። ቁመቷ ከመዳፌ አይበልጥም። ልጇን አዝላለች፤ ሹሩባዋ በስንጥር ተጭሮ እስከ ማጅራቷ ወርዷል፤ ዓይኖቿ ሁለት የጭቃ ፍሬዎች ናቸው፤ ደረቷ ላይ ደግሞ የዳዊት ኮከብ! ወለቃ ናታ! ከጎንደር ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው የቤተ እስራኤል መንደር!

ከጎኗ የተቀመጠው የኦልሜክ ሕፃን ቅጂ ነበር። ኦልሜኮች የጥንት ሜክሲኮ ሰዎች ናቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 እስከ 900 ባለው ጊዜ ውስጣቸው ክፍት የሆነ፣ ነጭ የተቀቡ፣ ድንቡሽቡሽ ያሉ የሸክላ ሕፃናትን ሠርተዋል። ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው 34 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ ተቀምጧል። ያፈዛል! ግን አብዛኞቹ በስርቆት ተቆፍረው ለሰብሳቢ ስለተሸጡ ከየት ጉድጓድ እንደወጡ እንኳ የሚናገር የለም።

የወለቃዋ ታሪክ ግን ዛሬም በሰው አፍ ላይ ነው! ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤል በእጃቸው ሥራ ኖሩ፤ ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸመነ፤ ሴቷ «ቡዳ» እየተባለች፣ ያለ ምንም መሽከርከሪያ፣ በጣቷ ብቻ እንስራና ድስት አበጀች። ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ያው ጭቃ አንበሳ ሆነ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ሆነ። የናቋት ሁሉ ያልሠሩትን ውበት የሠራችው እሷ ናት! በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወለቃ ላይ የቀሩት ጎረቤቶች ግን ሙያውን አልጣሉትም፤ መንገድ ዳር ዛሬም ይሸጣሉ።

እናንተ አትላንታ ያላችሁ ወገኖቼ! ቡፌያችሁ ላይ እንዲህ ያለች የጎንደር ሸክላ ካለች ዛሬውኑ አንሷት። ማን ሠራት? ማን ገዛት? መቼ? እናቶችን ጠይቁ፤ የሰሙትን በወረቀት ጽፋችሁ ከሥሯ አስቀምጡ። የሠሪዎቹ ልጆች በሕይወት አሉ። የኦልሜክ ሰብሳቢ ሀብቱን ሁሉ ቢያፈስ የማያገኘውን መልስ እኛ በአንድ ስልክ እናገኘዋለን!