የፖስት ካርድ ፊትና ጀርባ፤ ስለ ጥንቱ የምድር ባቡር ሥዕሎች

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ይህ ምሳሌ በሁሉ ዘንድ እንደማይሠራ የተረዳሁት በቡሬ ከተማ በአንድ አዛውንት ቤት ነው። ከቡሬ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል እስከ ደብረ ማርቆስ ቢሄዱ የባቡር ሐዲድ አይገኝም፤ ያገሬ ገበሬም እህሉን ወደ ገበያ የሚያደርሰው በአህያና በመኪና ነው። አዛውንቱ ግን በወጣትነታቸው በድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለ ነበሩ፣ ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ የባቡርና የጣቢያ ሥዕል ያለባቸውን አሮጌ ፖስት ካርዶች በቆርቆሮ ሣጥን ይዘው መጥተዋል። እኔም ባቡር ሳላይ ባቡርን የናፈቅሁት በእነዚያ ካርዶች ነው። ዛሬ ስለ እነርሱ፣ ይልቁንም ስለ አሰባሰባችን፣ ጥቂት የምተቸው ነገር አለኝና አንባቢ በትዕግሥት እንዲከተለኝ እለምናለሁ።

ፖስት ካርድ ማለት ያለ ፖስታ ተጽፎ፣ ቴምብር ተለጥፎበት የሚላክ ወፍራም ወረቀት ነው። በመንግሥት ደረጃ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1869 በኦስትሪያና ሀንጋሪ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሥዕል አልነበረበትም። ሥዕል ከገባበት በኋላም ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ስለ ተመደበ፣ ላኪው ቃሉን በሥዕሉ ዳር ዳር ለመጻፍ ይገደድ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ፈረንሳይም በ1904 ገደማ ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፍለው፣ ግራውን ለመልእክት፣ ቀኙን ለአድራሻ ፈቀዱ። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ የምድር ባቡር ኩባንያዎች የራሳቸውን ካርዶች እያሳተሙ ይሸጡ ነበር፤ ለንደን ኤንድ ኖርዝ ዌስተርን የተባለው ኩባንያ ብቻውን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ካርዶችን ሸጧል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ሥዕሉ ካማረ ተመልካቹ ቲኬት ይቆርጣል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ይህ ዘመን በአውሮፓ የካርድ ንግድ እጅግ የደራበት ስለ ነበረ፣ በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች የነበሩ ነጋዴዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ጣቢያውን፣ ሐዲዱንና የአዋሽን ድልድይ እያነሡ በካርድ አወጡ። ስለዚህ ሰብሳቢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህን ያሳተመው ማን ነው?» ብሎ ነው። ኩባንያ ያወጣው ካርድ መንገዱን ያመሰግናል፤ ነጋዴ ያወጣው ደግሞ መንገደኛው ሊገዛው የሚወደውን ያሳያል። ያገሩ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያይ የጠየቀ ግን ከሁለቱ አንዱም የለም።

በጎነታቸውን መካድ አይገባም። ዛሬ የፈረሰውን ወይም የተለወጠውን ነገር እንደ ነበረ ያቆዩልን እነርሱ ናቸው። የአዲስ አበባ ጣቢያ፣ ማለት ለገሀር፣ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው፤ ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የቆመው ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖች ሐውልቱን ወደ ሮማ ወስደውት ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሷል። እንግዲህ ሕንፃው እያለ አንበሳው የማይታይበት ካርድ ቢገኝ፣ ወይ ሐውልቱ ሳይቆም፣ ወይም በስደት ሳለ የተነሣ መሆኑን አስተዋይ ሰብሳቢ ይገምታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ለገሀርን ስለማይነካ፣ እነዚህ ሥዕሎች የበለጠ ዋጋ አግኝተዋል።

ጉድለታቸው ግን ከሥዕሉ ሥር በፈረንሳይኛ በተጻፈው መግለጫ ላይ ይታያል። ድልድዩ የአዋሽ ድልድይ፣ ጣቢያው የድሬዳዋ ጣቢያ ተብሎ በስሙ ይጠራል። ከባቡሩ አጠገብ የቆመው ሰው ግን «ያገሬው ሰው» ወይም «የአበሻ ዓይነት» ተብሎ ይታለፋል። ለብረቱና ለድንጋዩ ስም የሰጠ እጅ ለሰው ስም ነፈገው። ይህን እያየን «ግሩም ሥዕል ነው» ብቻ ብለን ካለፍን፣ ከአሳታሚው ጋር በበደሉ ተባባሪዎች እንሆናለን።

የካርዱ ሌላው ሀብት ጀርባው ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቴምብር በውጭ አገር ስለማይጸና፣ ወደ አውሮፓ በሚሄድ ካርድ ላይ የጅቡቲ ቴምብር ተጨምሮ ይገኛል። ስለዚህ ሁለት ቴምብርና ሁለት ማኅተም ያለበት አንድ ካርድ፣ ነጻ መንግሥት ሳለን ደብዳቤያችን በሰው ደጅ ያልፍ እንደ ነበረ ከብዙ ገጽ ታሪክ ይልቅ ባጭሩ ይነግረናል።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ በደሉን ራሴ ሠርቼዋለሁ። አዛውንቱ ከዓመታት በፊት አሥራ ሁለት ካርዶች ሰጥተውኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ሁሉንም በአልበም ላይ በሙጫ አጣበቅኋቸው። ባለፈው ዓመት አልበሙን ይዤ ልጠይቃቸው ብሄድ የአዋሽን ድልድይ ካርድ በጣታቸው ነክተው፣ «ልጄ፣ እስቲ ጀርባውን አንብብልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ። ካርዱን ከአዋሽ ጣቢያ የላከላቸው የሥራ ባልደረባቸው ኖሯል፤ ከላከውም በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሞቷል። ቀስ ብዬ ለማላቀቅ ብሞክር ወረቀቱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ጽሕፈቱም ከሙጫው ጋር ቀረ። የተነበበው «ወንድሜ ሆይ» የሚለው ብቻ ነው። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብላቸው፣ «ምን ታደርግ፤ ሥዕሉ መስሎህ ነው» አሉኝ። ከዚህ የከበደ ሂስ እስከ ዛሬ ተጽፎ አላነበብሁም።

ነገሩን ሳሰላስል ሌላም ጉድለት ታየኝ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ወደ ዋና ከተማቸው የተመለሱት ግን በጎጃም ምድር፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ በኩል ነው። የመሄጃው መንገድ ጣቢያዎች በብዙ ካርድ ላይ አሉ፤ የመመለሻው መንገድ ያለበት አንድ ካርድ ግን በሣጥኑ ውስጥ አላገኘሁም። ካርድ ነጋዴ የሚከተለው ሐዲዱን ነውና። ሐዲድ ያልደረሰበት አገር ታሪክ የሌለው እንዳይመስለን መጠንቀቅ ይገባል፤ «የሰላም መንገድ» የሚል ስም ያላት ፍኖተ ሰላም ሐዲድ ባይኖራትም መንገድ አላት።

እንግዲህ ለሚሰበስቡ ወንድሞችና እኅቶች የምለው ይህ ነው። ካርድን በሙጫ አታጣብቁ፤ አራቱን ማዕዘን በወረቀት ኪስ ይዛችሁ በፈለጋችሁ ጊዜ እንዲገለበጥ አድርጉት። ፊቱንም ጀርባውንም በእጅ ስልክ አንሡት። በሥዕሉ ላይ ያለውን ሰው የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ካለ፣ ስሙን ጠይቃችሁ በሌላ ወረቀት ጻፉና ከካርዱ ጋር አኑሩት። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ጊዜውም ከሽማግሌዎቹ ጋር እያለፈ ነው።

እኔ አሁን በየእሑዱ ወደ ቡሬ እየሄድሁ አዛውንቱ በሣጥናቸው የቀሩትን ካርዶች አንድ ባንድ ሲያስረዱኝ እጽፋለሁ። እስካሁን በሥዕል ካየናቸው ሠራተኞች የሰባቱን ስም አግኝተናል። በተቀደደው ካርድ አጠገብም የዚያን ባልደረባቸውን ስም በራሳቸው እጅ ጽፈውልኛል።