ማንቂያው ሲጮህ

በበረራ ላይ ማንቂያ ሲጮህ አብራሪዎች መጀመሪያ የሚሠሩት ከመጮሁ በፊት ሲሠሩት የነበረውን ነው፤ አውሮፕላኑን ያበርራሉ። ምን እንደተበላሸ የሚመረምሩት ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን ከያዙ በኋላ ነው። ቀጥለው ወዴት እንደሚሄዱ ይወስናሉ፤ ለበረራ ተቆጣጣሪው የሚነግሩት መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለጀማሪ አብራሪ የሚሰጥ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚጮህ ነገር ዓይንንም እጅንም ወደ ራሱ ስለሚጎትት በጭንቅ ሰዓት ጠብቆ መገኘት ከሙያው ሁሉ ከባዱ ነው።

ኮክፒት ውስጥ ቀይ መብራት ወዲያው እርምጃ የሚሻ አደጋን ያመለክታል፤ የሞተር እሳት አንዱ ነው። ቢጫው ማወቅ የሚገባ፣ ግን ፋታ የሚሰጥ ጉድለት ነው። ሥራው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ መሪውን ይዞ ያበርራል፤ ሌላው ማንቂያውን ያነባል፣ ቼክሊስቱን ያወጣል፣ ሬዲዮውን ይይዛል። ቼክሊስት እስኪገለጥ የማይጠብቁ ጥቂት እርምጃዎች በቃል ይጠናሉ። የቀረው ሁሉ ከጽሑፍ እየተነበበ ይሠራል፤ ምክንያቱም የደነገጠ ሰው ትዝታ አይታመንም።

ከጎጃሟ ጥሊሊ ተነስቶ አውሮፕላን የሚሳፈር መንገደኛ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ መስመሮች ላይ ከሚሠሩት አውሮፕላኖች አንዱ ባለሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ነው። ከሁለቱ ሞተሮቹ በአንዱ የእሳት መብራት ቢበራ፣ የሚያበርረው አብራሪ መሪውን አይለቅም። ሁለተኛው አብራሪ እጁን በዚያ ሞተር እጀታ ላይ ያሳርፋል፤ ግን አይስበውም። «ቁጥር ሁለት» ይላል። የሚያበርረው ዞር ብሎ እጁ የት እንዳረፈ በዓይኑ ካየ በኋላ «ቁጥር ሁለት» ብሎ ያረጋግጥለታል። ነዳጁ የሚዘጋው፣ የእሳት እጀታው የሚሳበውና የማጥፊያው ጠርሙስ የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ ነው። መብራቱ ካልጠፋ ሁለተኛ ጠርሙስ አለ።

ይህ መጠባበቅ የሚወስደው ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ዋጋው በ2007 ዓ.ም. ታይፔ ላይ ታይቷል። የትራንስኤዥያ ኤቲአር 72 አውሮፕላን አንድ ሞተሩ ጉልበት ሲያጣ፣ አብራሪው በጥድፊያ የዘጋው ጤነኛውን ነበር። ከተሳፈሩት 58 ሰዎች 43ቱ ሞቱ።

የአየር ግፊት መቀነስ ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው፤ ችግሩን መፍታት ያለበትን አእምሮ ራሱን ያደክማል። በ35,000 ጫማ ከፍታ ኦክስጅን የተቋረጠበት ሰው አእምሮው በቅጡ የሚሠራለት ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አብራሪዎቹ ከሁሉ አስቀድመው ጭንብላቸውን ያጠልቃሉ፤ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳሉ። የተለመደው ግብ 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,048 ሜትር ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ግን ይህ ቁጥር ሊገድል ይችላል። በአዊ ደጋ ላይ 3,048 ሜትር ከመሬቱ ብዙም የሚርቅ አይደለም፤ ወደ ምሥራቅ ያለው የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በጎጃም ሰማይ ላይ የሚወርድ አብራሪ ከሥሩ ያለውን አገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ተራራውን አልፎ ዝቅ እስኪል ድረስም ከፍ ብሎ መቆየት ግድ ይሆንበታል። የመንገደኛው ጭንብል በብዙ አውሮፕላኖች 12 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚያገለግል፣ መንገዱ ከመነሳት በፊት ታስቦበት ካልሆነ አየር ላይ ለማሰብ ጊዜ አይገኝም።

ማንቂያውን በትክክል መለየትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከላርናካ ወደ አቴንስ የበረረው የሄሊዮስ ቦይንግ 737 የግፊት ማንቂያው በትክክል ጮኾ ነበር። ሆኖም ያ ድምፅ አውሮፕላኑ ለመነሳት ሳይዘጋጅ ሲቀር መሬት ላይ ከሚሰማው ድምፅ ጋር አንድ ነበር። አብራሪዎቹ ሌላ ነገር መሰላቸው፤ ሲያጣሩም ራሳቸውን ሳቱ። 121 ሰዎች አለቁ። አንድ ድምፅ ለሁለት የተለያዩ አደጋዎች መስጠት ከንድፉ የመጣ ጥፋት ነው፤ አብራሪው ብቻውን ሊጠየቅበት አይገባም።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከመሬት ሲለቅ ከእርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ወፎቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ሲዞሩ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ አውሮፕላኑም ጎማው ሳይወጣ ሜዳ ላይ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። የሞተር ቼክሊስቶች በአብዛኛው አንዱ ሲታመም ሌላው ይሠራል በሚል እምነት የተጻፉ ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታመሙ፣ ያውም መሬት ቅርብ ሆኖ፣ ለማንበብ ጊዜ የለም፤ የሚቀረው ክንፉን ደልድሎ የሚያርፉበትን ሜዳ መምረጥ ነው። ያን ዕለት 69 ሰው ከዚያ ሜዳ በሕይወት ወጥቷል።

እስካሁን በተነሱት ሁሉ የተበላሸ ወይም የተዛባ ነገር ነበረና ማንቂያው ያወራው እውነት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሆነው ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ከጠዋቱ 2:38 ላይ ተነሳ። ካፒቴኑ ያሬድ ጌታቸው፣ ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ ነበሩ። ወዲያው አውሮፕላኑ አየሩን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለካው የግራው መሣሪያ መዋሸት ጀመረ፤ 74.5 ዲግሪ አሳየ፣ የቀኙ 15 ገደማ ሲያሳይ። የካፒቴኑ መሪ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አውሮፕላኑ ሊወድቅ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ፍጥነትና ከፍታ የሚያሳዩት ሰሌዳዎችም በግራና በቀኝ አልተስማሙም። ከዚያ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ያንኑ አንድ መሣሪያ አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ።

ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት 189 ሰዎችን የገደለውን የኢንዶኔዥያውን የላየን ኤር አደጋ ተከትሎ ቦይንግ ለአብራሪዎች የሰጠው መመሪያ፣ የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ አጥፉ የሚል ነበር። ረዳት አብራሪው ይህንኑ ተናገረ፤ አጠፉት። አሁን የጅራቱ ክንፍ በእጅ መዘወር ነበረበት፤ በዚያ ፍጥነት ግን የአየሩ ኃይል ከእጅ ጉልበት በላይ ሆነ። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስም ተመለሰ። 2:44 ላይ አውሮፕላኑ 157 ሰዎች ይዞ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ።

ሞተሮቹ በመነሻ ጉልበታቸው ላይ መቆየታቸውን አንስተው አብራሪዎቹን የሚወቅሱ አሉ። ጉልበቱ አለመቀነሱ እውነት ነው፤ ፍጥነቱም ከልኩ አልፏል። ነገር ግን ፍርዱ እርስ በርሱ የሚጣረስ ማንቂያ በአንድ ጊዜ የወረደባቸውን ሁለት ሰዎች፣ ውጤቱን አውቆ በጸጥታ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር እኩል የሚያይ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች አለመስማማታቸውን የሚያሳውቀው መልእክት እንኳ በአብዛኞቹ ማክስ አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር። መሣሪያው ለምን እንደዋሸ መርማሪዎች አልተስማሙም፤ ኢትዮጵያውያኑ የአውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ሲሉ አሜሪካውያኑና ፈረንሳውያኑ የወፍ ግጭት ነው አሉ። የትኛውም ቢሆን፣ አንድ ወፍ ወይም አንድ ሽቦ ይህን ያህል ሥልጣን ሊኖረው አይገባም ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን እንደገና ለመንገደኛ ያበረረው በ2014 ዓ.ም. ነው። የተሻሻለው ኤምካስ ሁለቱን መሣሪያዎች ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ ሥራ አይጀምርም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለተኛው መሣሪያ ግን አውሮፕላኑ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተገጥሞ ነበር። በሁለቱ አደጋዎች 346 ሰዎች ከመሞታቸው በፊት ሊሠራ የሚችል፣ መሠራትም የነበረበት ማስተካከያ ነው።