በአምስት ስም የተነገረ ሙግት፤ ለአፄ ዮሐንስ አራተኛ ስለሚሰጠው ዐዋጅ ሂሳዊ ዳሰሳ

መቀሌን መናገሻቸው ያደረጉት አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ በዘመነ መንግሥታቸው ፍጻሜ ከባሕር በኩል ኢጣልያን፣ ከምዕራብ ደርቡሽ በተነሣባቸው ጊዜ አስነገሩት ተብሎ በትውፊት የደረሰን ዐዋጅ ዘወትር የሚመሰገነው ልብን ስለሚያነሣሣ ነው። ይህ ምስጋና የዐዋጁን ግማሽ ኃይል የሚዘነጋ ይመስለኛል።

ዐዋጁ ሰሚውን የኢትዮጵያ ልጅ ብሎ ከጠራ በኋላ አገሪቱ እናቱ፣ ክብሩ፣ ሚስቱ፣ ልጁ፣ በመጨረሻም መቃብሩ እንደ ሆነች በተራ ይቈጥራል። ሊቃውንቶቻችን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በተመለሰው በመጽሐፈ ፈላስፋ ስሙን ከጠቢባን ጋራ ያነቡት የነበረው አርስጣጣሊስ፣ የማሳመኛን መንገድ በሦስት ይከፍለዋል፤ ይኸውም የተናጋሪው ምግባር፣ የሰሚው ስሜት፣ የነገሩም ማስረጃ ነው። በሦስተኛው ውስጥ ደግሞ አንድ ረቂቅ ስልት አለ፤ ተናጋሪው ከሙግቱ መሠረቶች አንዱን ሳይናገር ይተወዋል፣ ሰሚውም ጎዶሎውን ከራሱ ሞልቶ ብይኑን የገዛ ብይኑ ያደርገዋል።

ዐዋጁ የታነጸው በዚህ ስልት ነው። እናትን ለባዕድ አሳልፎ መስጠት ነውር መሆኑን፣ የራስ መቃብርም ሲረገጥ ዝም ማለት እንደማይገባ ንጉሡ አያስረዱም፤ ይህን የሚያሟላው፣ ነጋሪት ተጎስሞ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ሲባል በገበያው መካከል የቆመው ባላገር፣ ከአርሆም አሞሌ ጭኖ የመጣው ነጋዴ ነው። የቍጥሩም ሥርዓት ከልደት ተነሥቶ በሞት የሚፈጸም በመሆኑ፣ ሰሚው ከዕድሜው አንዲት ዘመን እንኳ ከዕዳው ውጭ አድርጎ ሊያስቀር አይችልም። (ሴት ሰሚ ግን በዚህ ሙግት ውስጥ ስፍራ አልተሰጣትም፤ ሚስት ያለችው ለወንድ ነውና።) በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖትን ክርክር በዙፋን ሥልጣን የቈረጡት ንጉሥ በአምስቱ ምሳሌዎች አንድም የሃይማኖት ቃል አለማስገባታቸው በእጅጉ ያስደንቃል።

አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መባቻ ያስነገሩት የክተት ዐዋጅ በሌላ መንገድ ይሄዳል። በዚያ ንጉሡ ራሳቸው በፊት ይቆማሉ፤ እግዚአብሔር እስከዚያ ቀን እንዳኖራቸው ይናገራሉ፣ ይለምናሉ፣ በማርያም ስም እየማሉ ይዝታሉ። ልጅና ሚስት በሁለቱም ዐዋጆች ይነሣሉ፤ ነገር ግን በምኒልክ ዐዋጅ ሰው ስለ እነርሱ ሲል እንዲረዳ ሲለመን፣ በዮሐንስ ዐዋጅ አገሪቱ ራሷ ሚስትም ልጅም ሆናለች። የምኒልክ ዐዋጅ የንጉሡን ሰውነት ዋስ አድርጎ ያቀርባል፤ የዮሐንስ ዐዋጅ ተናጋሪውን ፈጽሞ ይሰውረዋል።

ይህ መሰወር የአጋጣሚ ነገር ሳይሆን የብልኅ ሥራ ነው እላለሁ። በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በጎጃሙ ንጉሥ በተክለ ሃይማኖት ተቈጥተው ጎጃምን በሠራዊታቸው አጥፍተዋታል፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት በመተማ ወደቁ። ጎተራው የተዘረፈበት የጎጃም ገበሬ አገርህ እናትህ ናት የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ፣ ያልተነገረውን መሠረት ሞልቶ እሺ ሊል ይችል ነበር፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ከጠየቀ ግን ያው ስልት በንጉሡ ላይ ይመለሳል፤ እናቱን የበደለው ማን እንደ ሆነ የሚመልሰው እርሱ ራሱ ነውና።