ዛቻው አትክልት ነበር

ጠላቱን «ከተማህን አቃጥላለሁ» እያለ የሚፎክር ንጉሥ በታሪካችን ሞልቷል። ገብቼ እተክልበታለሁ ብሎ የፎከረ ግን እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ የይፋቱ ሱልጣን ሰብረዲን። ነገሩ ያለው በአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጦርነቱ ሊጫር ሲል፣ ሱልጣኑ ዛቻውን ይደረድራል። አብያተ ክርስቲያናቱን መስጊድ አደርጋለሁ ይላል፤ ሕዝቡን አሰልማለሁ ይላል፤ ይህን የመሰለ ዛቻ በየዘመኑ የተለመደ ነው። ከዚያ ግን የንጉሡ መቀመጫ በነበረው በማራዴ ጫት አስተክላለሁ ብሎ ይጨምራል! ይህን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ ብል፣ እባካችሁ ቅሞ ነው አትበሉኝ።

ድሉን በችግኝ የሚለካ ጦረኛ ከየት መጣ? መልሱን የሚፈልግ ሰው ቤተ መጻሕፍቱን ዘግቶ ይፋት ውስጥ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይውረድ። ይውረድ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገድ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ብርድና ጉም ይቀበላችኋል። ወዲያ ማዶ ስትወጡ መሬቱ ከእግራችሁ ስር ይጠፋል። ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት፤ ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ገደማ ወርዷል። ጣርማ በር ላይ ጋቢ የደረበ ተሳፋሪ እዚህ ሲደርስ ሸሚዙ ይከብደዋል። ስንቱ መንገደኛ እዚህች ከተማ ወርዶ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቶ፣ ሙቀቷን ረግሞ፣ ሽንኩርትና ማንጎ ሸምቶ ወደ ኮምቦልቻ ያልፋል! ከኋላው ያለውን አፋፍ ዞር ብሎ አያይም።

ዞር በሉ እንጂ!

ያ ሁሉ ገደል፣ ከደጋው ጫፍ እስከ ቆላው ድረስ፣ የሰው እጅ ያረፈበት ነው። በየተረተሩ ወገብ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተክቦ፣ እርከን ከእርከን በላይ ተደርድሮ ይወጣል። አንዱ እርከን እንደ ሰፊ አደባባይ ነው፤ ሌላው ሁለት በሬ የማያዞር ጠባብ መደብ ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ተራራው ሲጎብጥ አብሮ ይጎብጣል፤ ሸለቆው ሲገባ አብሮ ይገባል። የአርጎባውና የአማራው ገበሬ ከአንኮበር ግርጌ እስከ ይፋት ቆላ በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ይኖራል። እኔ ደግሞ ይህን አፋፍ ማሳ ማለት አንሶብኛል። የአትክልት ስፍራ ነው። ንድፍ አለው፤ ንድፉ ግን በማንም ወረቀት ላይ ሰፍሮ አላየሁትም። የሰፈረው በመካብና በመትከል ላይ ነው፣ በየዓመቱ፣ በእጅ።

አንድ ካብ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ስሩ ተቆፍሮ ትልልቆቹ ድንጋዮች መሬት ውስጥ ተቀብረዋል። ከዚያ በላይ ያለው ድርድር ወደ ተራራው ትንሽ ጋደል ይላል፤ ቀጥ ብሎ ቢቆም ኖሮ የራሰው አፈር ገፍቶ ይጥለው ነበር። ጭቃ የለም፣ ሲሚንቶ የለም። በትልልቆቹ መካከል ያለው ክፍተት በጠጠርና በስብርባሪ ተሰክቷል። ይህ የድህነት ሥራ የሚመስለው ሰው አለ፤ አዎ፣ ጭቃ የጠፋ ይመስላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በጭቃ የተመረገ ካብ ውሃ አያሳልፍም፤ የይፋት ዝናብ ደግሞ ሲመጣ እንደ ተቆጣ ሰው ነው። ውሃው መውጫ ካጣ ከጀርባ ተጠራቅሞ ግድግዳውን ይዞት ይወርዳል። ክፍተት ያለው ካብ ግን ውሃውን እያጣራ ያሳልፈዋል፤ አፈሩን ያስቀራል። በየዓመቱ የቀረው አፈር መደቡን ከፍ ያደርገዋል፤ መደቡ ከፍ ሲል ካቡም በላዩ ይጨመርበታል። አባት የጀመረው ጉልበት ላይ የሚደርስ ድርድር ለልጅ ልጁ ደረት ድረስ ይሆናል። ግድግዳውን ያሳደገው ጎርፉ ራሱ ነው ማለት እችላለሁ!

እና ይደረመሳል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ከብት ይረግጠዋል፤ ዛፍ ሥሩን ሰዶ ይፈነቅለዋል፤ አንድ ክፉ ዝናብ ሲመጣ አንዱ ሆዱን ነፍቶ ይተኛል። ቶሎ ካልተካበ ከላይ ያለው ውሃ በዚያ ቀዳዳ ይሰበሰብና የታችኛውን ይመታል፤ የታችኛው የበለጠ የታችኛውን። ስለዚህ የአንዱ ስንፍና የጎረቤቱን ማሳ ይዞ ይወርዳል። ወንፈልና ደቦ እዚህ አገር የፍቅር ጉዳይ ብቻ መሆን አይችልም፤ ከላይ ያለው ሰው ካልካበ ከታች ያለው አይበላም።

ተክሉም የግንባታው አካል ነው። በካቡ አናት ሣር ይተዋል፤ እሬትና ቁልቋል የሚይዝበት ቦታ አለ፤ ሥራቸው ድንጋዩን ይሰፋዋል። ማሽላው ተዳፋቱን አቋርጦ ሲዘራ እያንዳንዱ ረድፍ ትንሽ ግድብ ይሆናል። ጫትና ቡና ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አፈሩን ሸፍነው ይቆማሉ፤ እህል ታጭዶ መሬቱ ሲራቆት እነሱ አሉ። ከታች በሜዳው፣ የሮቢ ወንዝ በሚደርስበት፣ በመስኖ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ማሾው፣ ማንጎው፣ ብርቱካኑ ይቀጥላል። ቦዩ መጠረግ አለበት፤ ተራ መጠበቅ አለበት።

አሁን ወደ ሱልጣኑ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1340ዎቹ ኢብን ፈድለላህ አል ዑመሪ የተባለ የማምሉክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ፣ አገሩን ሳይረግጥ፣ ከዚህ የሄዱ ሰዎችን እየጠየቀ ስለ ይፋት ጻፈ። እህሉን ይዘረዝራል፤ ጤፍ ሳይቀር! ሸንኮራ አገዳ፣ ሙዝ፣ ሎሚ ይጠራል። ከዚያ ስለ ጫት ያወጋል። አንድ ሰው ከዚህ ይዞት ሄዶ ለየመን ንጉሥ ያቀርብለታል፤ ንጉሡ ጥቅሙን ይጠይቃል፤ የምግብን፣ የመጠጥንና የሴትን ፍላጎት ይቀንሳል ይባላል። ንጉሡ በዓለም ላይ ከነዚህ ሌላ ምን ደስታ አለ ብሎ እንቢ አለ ይላል ጸሐፊው። ልብ በሉ፤ ካይሮ ድረስ ዝናው የደረሰው የይፋት ነገር ሰይፍና ፈረስ ብቻ አልነበረም፤ ጓሮውም ነበር። እንግዲህ ሰብረዲን በጠላቱ ግቢ ጫት አስተክላለሁ ሲል አገሩን ይዤ እመጣለሁ ማለቱ አይመስላችሁም?

የሰብረዲን መንግሥት አፈ ታሪክ እንዳልሆነ በቅርቡ አካፋ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት የጠቀለለው የይፋቱ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከተሞች በዚሁ አፋፍ ጉብታዎች ላይ ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ ፍራንሷ ዣቪየ ፎቬል፣ በርትራን ኢርሽና ባልደረቦቻቸው ኖራንና አስባሪን የመሳሰሉ ፍርስራሾችን፣ የድንጋይ መስጊዶችን፣ የወላስማን መቃብር አጥንተዋል። ኖራ ያለው ከሸዋ ሮቢት ሩቅ አይደለም። መስጊዱ ያለ ጣራ ቆሟል። ከተማው ባዶ ነው። ሱልጣኑ የለም፤ የጠላቱ ማራዴም የለችም። የካብ ጥበቡ ግን እስካሁን አለ፤ ምክንያቱም ሰው ሳይርበው አያድርም።

እዚህ ላይ የቬርሳይን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ከባድ ማዕበል በዚያ የነገሥታት መናፈሻ ወደ 10,000 የሚሆኑ ዛፎችን ጣለ። ፈረንሳዮች አላለቀሱም፤ ወይም አልቅሰው ተከሉ። በሉዊ 16ኛም ዘመን አርጅቶ ተነቅሎ እንደገና ተተክሎ ነበር። ዛሬ ጎብኚ የሚያደንቀው ዛፍ የሉዊ 14ኛ ዛፍ አይደለም፤ መስመሩ ግን የሉዊ 14ኛ ነው። የይፋት እርከንም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ቬርሳይ የደመወዝ አትክልተኛ አለው፤ ይፋት ግን ማሽላ በልቶ የሚያድር ገበሬ ነው ያለው። የቱ ይበልጥ ያስደንቃል? እኔ ወስኛለሁ።

ዓለምም ያለ ጭቃ ድንጋይ የመካብን ጥበብ አልናቀውም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የጣሊያንን፣ የግሪክን፣ የስፔንንና የሌሎች አውሮፓውያንን ካብ በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ። ከዚያ በፊት በ2011 የኮንሶ እርከን በዓለም ቅርስነት ገብቷል፤ ይገባዋል! በ2023 ደግሞ ጌዴኦ በእንሰቱና በቡናው ጥላ ተከተለ። ይፋት ግን እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ቅናት እንዳይመስልብኝ፤ ግን ቅናት ነው።

ሌላም አለ። ከደብረ ሲና ወደ አንኮበር በሚሄደው አፋፍ ላይ ወፍ ዋሻ የተባለው ጥንታዊ ጫካ አለ፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህ የጥድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ አስተከሉ ይባላል። የመናገሻ ሱባ ጫካ የሚኮራበት ታሪክ ይኸው ነው። የአዲስ አበባ ሰው እሑድ እሑድ የሚሸሽበት ጥላ እናቱ ከይፋት በላይ ናት ማለት ነው! ሱልጣኑ በጫት ዛተ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጥድ ፈጸሙ። ሁለቱም ከአንድ አፋፍ።

አንድ የሚያናድደኝን ልናገርና ላብቃ። በየዓመቱ በጋ ላይ የተፋሰስ ዘመቻ ይመጣል። ሐሳቡን አልነቅፍም፤ ብዙ ቦታ አድኗል። ግን በዘመቻ የተሠራ እርከን በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ሪፖርት ይገባል፤ በሚቀጥለው ክረምት ሲደረመስ ማን ይቆጥረዋል? የይፋት ካብ ሪፖርት የለውም። ባለቤት አለው። እዚህ አፋፍ ላይ ሜትር ይዞ የሚወጣ ባለሙያ መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ፈልጎ «አባባ፣ ውሃው በየት ነው የሚሄደው?» ቢል የግማሽ ዓመት ሥልጠና ያተርፋል።

ልትሄዱ ካሰባችሁ በመስከረም አትሂዱ። ያኔ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ማሽላው ካቡን ይሸፍነዋል፤ ፎቶ ታነሳላችሁ እንጂ ምንም አታዩም። በግንቦት ሂዱ። ሙቀቱ ያቃጥላችኋል፤ አቧራው ያስነጥሳችኋል፤ ተራራው ራቁቱን ነው፤ መስመሩ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይቆጠራል። ክረምቱ ሳይገባ የሚካቡ ሰዎችንም ያን ጊዜ ታገኛላችሁ። ቆማችሁ ከምታዩ ድንጋይ አቀብሉ፤ ጠፍጣፋውን ከድቡልቡሉ ለይታችሁ።