ስም መጥራትና አይቶ መረዳት፦ የሕብረ ሕዋሳት ምስል አስተማማር ሲመዘን

ሕዋስና ማይክሮስኮፕ በ9ኛ ክፍል የሥነ ሕይወት ትምህርት ውስጥ የታወቀ ስፍራ ያላቸው ርእሶች ናቸው። ዓላማው ተማሪው ዓይን የማያየውን የአካል ክፍል ተመልክቶ እንዲረዳ ማድረግ መሆኑ አያከራክርም። አስተማማሩ ሲመረመር ግን ከዓላማው የሚርቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ተማሪው የሚለማመደው በመጽሐፍ የተሣለውን ንጹሕ ሥዕል እያየ በየቀስቱ ጫፍ ስም መጻፍ ነው፤ ፈተናውም በአብዛኛው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጉድለቱ የሚገለጸው ተማሪው እውነተኛ ስላይድ ሲቀርብለት ነው። በሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ ሕዋስ ኒውክለስ አለው፤ በስላይዱ ላይ ግን ኒውክለስ የማይታይባቸው ሕዋሳት ይገኛሉ። ተማሪውም «ኒውክለስ የላቸውም» ብሎ ይደመድማል። ስላይዱ ግን 5 ማይክሮሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስስ ቁራጭ እንጂ ሙሉው አካል አይደለም። የዶሮ ወጥ እንቁላል ከጫፉ ቢቆረጥ ነጩ ብቻ ይታያል፤ ስለዚህ እንቁላሉ አስኳል የለውም የሚል ግን የለም። ቀለሙም እንዲሁ ያሳስታል። ኒውክለሱን ሰማያዊ ሐምራዊ ያደረገው ሄማቶክሲሊን፣ ዙሪያውን ሮዝ ያደረገው ኢዮሲን የተባለ ማቅለሚያ መሆኑ ካልተነገረው፣ ተማሪው ቀለሙን የተፈጥሮ አድርጎ ይወስደዋል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ምስልን ወደ ክፍል ማምጣቱ በበጎ የሚነሣ ነው። ይሁን እንጂ ስርጭቱ በራሱ ፍጥነት ያልፍ ስለነበር፣ ተማሪው ቆም ብሎ የሚመረምርበት ጊዜ ጠባብ ነበር። ምስል ማሳየት ምስል ማስነበብ አይደለም።

የማይክሮስኮፕ እጥረት ዘወትር በምክንያትነት ይቀርባል። ዋናው ትምህርት ግን ያለ መሣሪያም ሊጀመር ይችላል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጎፋም ሆነ በጀሞ ለሚኖር ተማሪ ሥጋ ቤት እንግዳ አይደለም። ሥጋ በክሩ አቅጣጫ ሲቆረጥ ረዣዥም ክሮች፣ አግድም ሲቆረጥ የክሮቹ ጫፎች እንደሚታዩ መምህሩ በአንዲት ቁራጭ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ያየ ተማሪ፣ በስላይድ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የሚታየውን ጡንቻ ሌላ ሕብረ ሕዋስ ነው ብሎ አይሳሳትም።

ጉዳዩ የነጥብ ብቻ አይደለም። ከዛሬው ተማሪ መካከል ነገ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሚሆን አለ። የማቅለሚያ ዝቃጭን የወባ ተውሳክ አድርጎ ቢያነብ፣ ሕመምተኛው ለሌለበት በሽታ መድኃኒት ይወስዳል፤ እውነተኛው ሕመሙም ሳይታከም ይቀራል።

በመሆኑም ተማሪው ስም ከመጥራቱ በፊት ያየውን እንዲሥል፣ ቁራጩ በየት በኩል እንደተቆረጠ እንዲጠየቅ፣ በፈተናም ስም ያልተጻፈበት ምስል ቀርቦለት የመልሱን ምክንያት እንዲያስረዳ ማድረግ ይገባል። ይህ አዲስ መጽሐፍ እስኪታተም የሚያስጠብቅ ሳይሆን፣ መምህሩ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሊጀምረው የሚችል ነው።