«መሙያ»፣ «አስማሚ» ወይስ «መለወጫ»?

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ የተባለው የእጅ መጫወቻ በአራት የባትሪ ድንጋይ፣ ይኸውም በ6 ቮልት ይሠራል። በድንጋዩ ፈንታ ከሶኬት ኃይል የሚያመጣለትን አዳፕተር «ባትሪ መሙያ» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው። ዕቃው የሶኬቱን ተለዋዋጭ ጅረት ዝቅ አድርጎ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጣል እንጂ ድንጋዩን አይሞላም፤ ተራውን ድንጋይ ልሙላህ ቢሉትም ሊያፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላል።

«አስማሚ» የተሻለ ይመስላል። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛው ቃል የመሰኪያን ቅርጽ ብቻ ለሚያገናኘው ዕቃም ስለሚያገለግል፣ ትርጕሙ አሻሚነቱን እንዳለ ይወርሳል። ለአሜሪካው 120 ቮልት ብቻ የተሠራ አዳፕተር በእንዲህ ዓይነቱ «አስማሚ» በኩል አዲስ አበባ ላይ ከ220 ቮልት ጋር ቢገናኝ ይቃጠላል።

ስለዚህ ለቅርጹ «የመሰኪያ አስማሚ»፣ ለጅረቱ «ጅረት መለወጫ» እንዲባል እንመርጣለን። «መለዋወጫ» ከሚለው ጋር መቀራረቡ አልጠፋንም፤ «ጅረት» መቅደሙ ግን ይለየዋል። ፍቺውም ቮልቱንና የዋልታዎቹን አቀማመጥ ሊጠቅስ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ጌም ቦይ ፖኬት የሚፈልገው 3 ቮልት ነውና፣ የታላቁ መለወጫ ለታናሹ አይሆንም።